ካሜራ ልትገዙ ለተነሳችሁ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ሁለት ወጣቶች መጡ። ልጁ ቦርሳ አዝሏል። ልጅቷ ትራይፖድ በብብቷ ይዛለች። «ማዘር፣ የገዳማቱን ፊልም የምትሠሪው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «የትኛውን ካሜራ ብንገዛ ይሻላል?» ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምጠየቀው ይሄንኑ ነው። ድሮ ፎቶ ቤት ድረስ መጥተው ይጠይቁኝ ነበር፤ አሁን ሐይቅ ዳር ሆነ። «መጀመሪያ ማይክ ግዙ» አልኳቸው። ልጁ ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ያልነገርኳቸው ነገር በዛብኝ። እነሱም ስልክ ቁጥራቸውን አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ምናልባት ያነቡት ይሆናል። ባያነቡትም እንደነሱ ያሉ ሞልተዋል።

እኔ ሐዋሳ የመጣሁት የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ነው። ፊልም የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረም። አያቴ ሲኒማ ቤትን የምትጠራው «የሰይጣን ቤት» ብላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ያዩ ሰዎች ያወጡት ስም ነው ይባላል፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ አልተወችውም። ነፍሷን ይማርና የልጅ ልጇ ካሜራ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ብታይ ምን ትል እንደነበር አላውቅም።

ቅዳሜና እሁድ አንድ ፎቶ ቤት እረዳ ነበር። ባለቤቱ የቪኤችኤስ ካሜራ አስመጣ፤ ያ ትከሻ ላይ የሚሸከሙት፣ ሁለት ሰዓት ከያዙት አንገት የሚያጣምም። የሚቀርጸው ልጅ አንድ ቅዳሜ ታመመ። ሰርግ ደግሞ ለነገ ተብሎ አይቀጠርም። ተሸከምኩት። ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ ድንኳን ስትገባ ሰው ሙሽሮቹን ትቶ እኔን ያይ ነበር። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

ሰርግ የምትቀርጹ ካላችሁ አትናቁት። ዶክመንተሪ የተማርኩት እዚያ ነው። የሙሽሪት እናት መቼ እንደምታለቅስ ከማልቀሷ በፊት ማወቅ አለባችሁ። ሽማግሌው ለምርቃት ሲነሱ እናንተ ቦታችሁን ይዛችሁ መጠበቅ አለባችሁ። «አንዴ ይድገሙልኝ» የለም። ምርቃት አይደገምም። በኋላ ገዳም ስገባ፣ ማኅሌት ስቀርጽ ያገዘኝ ይሄ ነው። ነገሩ ከመሆኑ በፊት የት እንደሚሆን መገመት።

የመጀመሪያውን መንፈሳዊ ሥራዬን የቀረጽኩት ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በከተማችን መሀል ባለው በቅዱስ ገብርኤል ነው። የሐዋሳ ልጅ የሆነ ያውቀዋል። ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። አልጋ ይጠፋል። ባጃጅ ዋጋ ይቆልላል። ስለት ያለበት ጥላውን፣ መጋረጃውን፣ ሻማውን ተሸክሞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ካሜራዬን ተሸክሜ ሌሊቱን ማኅሌት ልቀርጽ ገባሁ።

ማኅሌት አይታችሁ ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ። መቋሚያው ዝቅ ከፍ ይላል። ጸናጽሉ ይሰማል አይሰማም። ከዚያ ሰዓት እየገፋ ሲሄድ ከበሮው ይነሳል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ወደ ንጋት ግድም ቤቱ ይነቃነቃል። እኔ ድምፁን የለካሁት መጀመሪያ ላይ፣ ቀስ ባለበት ሰዓት ነበር። ማይኩም ካሜራው ላይ የተለጠፈው ነው። ከበሮው ሲመጣ ድምፁ ተሰነጣጠቀ። እኔ ግን አልሰማሁም፤ የጆሮ ማዳመጫ አላደረግኩማ። በሥዕሉ ተደስቼ ነበር። የሻማው ብርሃን፣ ነጠላው፣ የዕጣኑ ጭስ።

ካሴቱን ለአንድ መሪጌታ አሳየሁ። ድጓ ያስተምሩ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለት ደቂቃ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ዝም አልኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ «ሥዕሉ ደህና ነው ልጄ፤ ያሬድ ግን የለበትም» አሉኝ።

አፈርኩ። እውነታቸውን ነበር። ሦስቱ የያሬድ ዜማዎች፣ ግእዙ ከዕዝሉ፣ ዕዝሉ ከአራራዩ አይለዩም። ቃሉ አይሰማም። የቀረጽኩት ሰዎች ሲወዛወዙ ብቻ ነው። ማይክ ግዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በስልካችሁም ቢሆን ሥዕል ይወጣል፤ የዛሬ ስልክ ከኔ የድሮ ካሜራ አሥር እጅ ይበልጣል። ድምፅ ግን ከሩቅ አይያዝም። ለብቻው የሚቀዳ ትንሽ መቅጃ ያዙ። ልኩን በመጨረሻው ጭብጨባ እንጂ በመጀመሪያው ዝግታ አታስተካክሉ። ከከበሮው ራቅ፣ ከመሪው ቀረብ አድርጉት። ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ ይኑር። እኔ ሴት ስለሆንኩ በሴቶች በኩል ነው የምቆመው፤ ስለዚህ መቅጃውን ለአንድ ዲያቆን እየሰጠሁ ሊቃውንቱ ከቆሙበት ምሰሶ ሥር አስቀምጥ ነበር። ዲያቆኑ አንድ ጊዜ ማብራቱን ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ቀዳልኝ። ከዚያ ወዲህ ቀይዋ መብራት እስክትበራ ድረስ እጁን አለቅም።

ድሮን ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ። ከላይ ሲታይ ያምራል፤ አውቃለሁ። ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ትቼ ቅዳሴ መሀል እንደ ተርብ ሲጮህ ሰው ጸሎቱን ትቶ ሰማይ ያያል። እኔም አይቼ አውቃለሁ፤ አልዋሽም።

ፈቃድ ካልኩ ስለ ደብዳቤ ላውራ። ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ ታወጣላችሁ። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ይመራል። ሰበካ ጉባኤው ያየዋል። ማኅተም ይመታል። አንዳንዴ አንድ ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዴ አንድ ወር። አትነጫነጩ፤ ቤቱ የነሱ ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ በር ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ፈቃድ አለ። ዘበኛው አለ። በር ሥር ሃያ ዓመት የተቀመጡት መነኩሲት አሉ። እሳቸው ፊታቸውን ካጠቆሩባችሁ ማኅተሙ ዋጋ የለውም። ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ ስለ አገራችሁ ሲጠይቁ መልሱ። እኔ ብዙ ታሪክ ያገኘሁት ከአስተዳዳሪው ቢሮ ሳይሆን ከበሩ ሥር ነው። ይሄን ስናገር ግን ወደፊት የምነግራችሁ አንድ ነገር ስላለ ነው። የሁሉንም ፈቃድ ይዤ የአንድ ሰው ፈቃድ ቀርቶብኛል።

መጀመሪያ ስለ «ይባላል» ልንገራችሁ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዝዋይን ታልፋላችሁ፤ አሁን ባቱ ነው የሚባለው። ሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። እዚያ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ደሴት ላይ ቆይታለች የሚል ትውፊት አለ። ደሴቶቹ ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በጀልባ ሄጄ ቀረጽኩ። ስመለስ ትረካውን «ታቦተ ጽዮን እዚህ ቆየች» ብዬ ጻፍኩት። አንድ የታሪክ አስተማሪ ወዳጄ አየውና «አንቺ ነበርሽ እንዴ?» አለኝ።

ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። ያየሁት አለ፤ የሰማሁት አለ። ያየሁት የብራና መጻሕፍት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ሐይቁ ነው። የሰማሁት ትውፊቱን ነው። ሁለቱም ክቡር ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ዓረፍተ ነገሩን «አባቶች እንደሚተርኩት» ብዬ ጀመርኩት። አንዳንድ ምእመን «እምነት ጎደለሽ ወይ?» ብሎ ተቆጣኝ። አልጎደለኝም። «አባቶች ይተርካሉ» ማለት ለኔ ትልቅ ቃል ነው። ያልተጻፈን ነገር በአፍ ይዞ እዚህ ማድረስ ቀላል ሥራ መሰላችሁ? ደግሞ አንድ ስህተት ዓመተ ምሕረት ከጠራችሁ እውነተኛውንም የሚያምናችሁ አይኖርም። ተመልካች ያቺን ትንሽ ስህተት ይዞ ይሄዳል።

የራሳችሁን እምነት ብቻ ቅረጹ የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የምንኖረው ሲዳማ ምድር ላይ ነው። ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ ፍቼ ጫምባላላን በ2008፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. መዝግቧል። ከሦስቱ አንዱ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ፣ እዚሁ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ነው የሚከበረው። ጎረቤቴ ናቸውና አንድ የሲዳማ ሽማግሌ «ዘንድሮ ፍቼ መቼ ነው? ካሜራ መከራየት አለብኝ» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አያንቶዎቹ ገና አልተናገሩም» አሉኝ። አያንቶ የሚባሉት ኮከብ አይተው ቀኑን የሚወስኑት አዋቂዎች ናቸው። ቀኑ እንደ ገና ቀድሞ ካላንደር ላይ አይታተምም። እኔ ግን ፕሮግራም አውጥቼ፣ ሰርግ ተቀብዬ፣ ቀብድ በልቼ ነበር። ቀኑ ሲነገር ሰርጉ ላይ ዋለ። ያን ዓመት አመለጠኝ።

በዓመቱ ምንም ሥራ ሳልቀበል ጠበቅኩ። በዋዜማው ማታ ቤታቸው ገባሁ። በቅቤ የራሰው የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜው፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ ቀርቧል። ካሜራዬን ሳወጣ አባወራው «መጀመሪያ ብዪ» አሉኝ። በላሁ። ቅቤው እስከ ክርኔ ወረደ። እጄን ታጥቤ ካሜራውን ስይዝ የቤቱ ሰው ሁሉ ረስቶኝ ነበር። በማግስቱ ልጆቹ «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ አንዳቸውም ሌንሱን አላዩትም። በሰው በዓል ላይ ስትሄዱ ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ፤ የምለው እሱን ነው።

ወደ ጣና ልውሰዳችሁ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ይሄን አውቄ ነው የሄድኩት። ዐፅማቸው እዚያ ያረፈ ነገሥታት አሉ፤ ዘርዐ ያዕቆብና ፋሲል ከነሱ ናቸው። አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ካሜራውን ሰጠሁት። ምን እንደሚቀርጽ በወረቀት ጻፍኩለት። እሱ ገባ፤ እኔ ዳር ላይ ቀረሁ። ብዙ ጊዜ «አልከፋሽም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ትንሽ ከፍቶኛል። ሥርዓቱ ግን የነሱ ነው፤ እንግዳ ነኝ።

ጀልባው ያለበት ዳር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከኔ ይተልቃሉ። ስልቻ ይዘዋል። ልጃቸው መንኩሷል፤ እዚያ ውስጥ ነው። በሶ አምጥተውለታል። አንድ ዲያቆን ስልቻውን ተቀብሎ ወጣ። እኛ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስለ ልጃቸው አላወሩኝም። ስለ ገብሱ አወሩኝ፤ ዘንድሮ እንዴት እንደተፈጨ፣ ወፍጮ ቤቱ እንዴት ሰው እንደሞላው። ከሰዓት በኋላ ዲያቆኑ ተመለሰ። ስልቻው ባዶ ሆኖ መጣ። ልጁ አልመጣም። እናትየው ስልቻውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ አጥፈው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

ካሜራዬ የት ነበር? ግቢው ውስጥ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ቀርጾልኝ መጣ።

ሐዋሳ እስክገባ ድረስ ያ ስልቻ ከዓይኔ አልጠፋም። ቤቴ ደርሼ ደብተር አወጣሁ። ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብዬ አልነበረም፤ እንዳይጠፋብኝ ነው። ጽፌ ስጨርስ ግን እናትየው ያላሉትንም ጽፌ አገኘሁት። መንገድ ላይ ምን እንዳሰቡ፣ ቤት ሲደርሱ ባዶውን ስልቻ የት እንደሰቀሉት። ያን አላየሁም። ማንም አላየውም። የመጀመሪያው ልብ ወለዴ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያ ነው። እናትየዋን ከዓመት በኋላ አግኝቼ ልጽፈው ነው አልኳቸው። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው» አሉኝ። አልጠራሁም።

መጽሐፉ ሲወጣ አንድ የማከብራቸው ቄስ «ከእውነት ወጥተሽ ውሸት መጻፍ ጀመርሽ?» አሉኝ። ለነገሩ ቃሉ ራሱ ያሳማል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ ለጽሑፍ ዓይነቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔም «አባቴ፣ የጠፋው ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አልኳቸው። ሉቃስ ወንጌል ላይ ያለውን ማለቴ ነው፤ ንብረቱን በትኖ ከእሪያ ጋር የተጋፋውን። ዝም አሉ። «አገሩስ? አባቱስ ማን ይባላል?» ሳቁ። ምሳሌ ነው ብለው ማንም ውሸት አላሉትም። ከዚያ በኋላ መጽሐፌን አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ስህተትም አወጡልኝ።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ።

አንድ ጸበል ቦታ እየቀረጽኩ ነበር። ስሙን አልጠራም። ፈቃዱ ሁሉ በእጄ ነው። ከሀገረ ስብከት፣ ከአስተዳዳሪው፣ ከአጥማቂው። አንዲት ወጣት ይዘው መጡ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ብትሆን ነው። ጸበሉ ሲያርፍባት ጮኸች። ራሷን አታውቅም። ልብሷ ተገልጧል። አራት ሰው ነው የያዛት። እኔ ምን አደረግኩ? ዙም አደረግኩ። ፊቷ ሙሉ ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ። ልቤ ደስ አለው እኮ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። «ይሄ ነው!» አልኩ። ሰርግ ቤት የሙሽሪት እናት ስታለቅስ የሚሰማኝ ስሜት ነው የተሰማኝ።

ፊልሙ በቪሲዲ ወጣ። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሸጠው እሱ ነው። ሰው ሱቅ መጥቶ ርእሱን አይጠራም። «ያቺ የምትጮኸው ልጅ ያለችበትን» ይላል። እኔም ይሄን እየሰማሁ ገንዘቤን እቆጥር ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው ፎቶ ቤት መጣ። ሱፍ ለብሷል። ተረጋግቶ ነው የሚያወራው። «ወንድሟ ነኝ» አለኝ። እህቱ ተሽሏት ሥራ ይዛ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አንዱ ሲዲውን ይዞ መጣ። በምሳ ሰዓት ከፈቱት። እሷም ምግቧን ይዛ ገባች። «ጮኸሽ አሳይን» ብለው ቀለዱባት። በማግስቱ ሥራ አልሄደችም። ከዚያም ወዲያ አልሄደችም። ወንድሟ አልሰደበኝም። «ከሱቅ ልታነሺው ትችያለሽ?» ብቻ አለኝ።

የቀረውን ሰበሰብኩ። ግን ኮፒው ኮፒ ወልዷል። በየሲዲ ቤቱ አለ። በኋላ ደግሞ አንዱ ዩቲዩብ ላይ ጫነው፤ የሰጠውን ርእስ እዚህ አልደግመውም። እስኪወርድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደከሰስኩ፤ ወርዶም በሌላ ስም ተመልሶ ይወጣል።

ማኅተም ነበረኝ አላልኳችሁም? ሦስት ማኅተም። የሷ ፈቃድ ግን አልነበረኝም። ልትሰጠኝም አትችልም ነበር፤ ራሷን አታውቅማ። ራሱን የማያውቅን ሰው ማን ይፈቅድለታል? እናቱ? አጥማቂው? እኔ እንጃ። አሁን የደረስኩበት ማንም አይፈቅድለትም የሚል ነው። ተመልሳ ራሷን እስክታውቅ፣ ቤቷ ገብታ፣ እንቅልፍ ተኝታ፣ በልታ ጠጥታ፣ ከዚያ ሄዶ መጠየቅ። ቀርጻችሁ ከሆነ ደግሞ ቁጭ አድርጎ ማሳየት። እሺ ካለች ከሳምንት በኋላ ድጋሚ መጠየቅ። እምቢ ካለች ማጥፋት። ስፖንሰሩ ቢቆጣም ማጥፋት።

ታዲያ ጸበል አይቀረጽም ወይ? ይቀረጻል። ውሃው አለ። የአጥማቂው እጅ አለ። ውጭ ጫማዋን ይዛ የምትጠብቀው እህት አለች። ጀርባ አለ። ጩኸቱን እንኳ ከውጭ ሆናችሁ ብትቀዱት ከፊቷ ይልቅ ያስፈራል። የሚጠብቀውን ሰው ቅረጹ። በነገራችን ላይ በፊልማችሁ ማንንም መድኃኒቱን እንዲያቆም አታድርጉ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም በአንድ ፌስታል ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ እነሱንም አሳዩ።

ይሄን ሁሉ የምለው አሁን ስልክ የሌለው ስለሌለ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ጸበል ቦታ ላይ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ አየሁ። ስጦታ ይላኩለታል። እሱም «እናመሰግናለን» እያለ ወደምትጮኸው ልጅ ይጠጋል። እኔ ቢያንስ ከመሸጤ በፊት የማስብበት ስድስት ወር ነበረኝ። አላሰብኩበትም እንጂ።

ስለሷ ልብ ወለድ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ስሟን ቀየርኩ፤ አገሯን ቀየርኩ፤ ወንድ ሁሉ አደረግኳት። ሃምሳ ገጽ ሄጄ ቆምኩ። ለካ ሁለተኛ ዙም ነው እያደረግኩ ያለሁት። ልብ ወለድ መደበቂያ ይመስላል፤ ባለታሪኳ ግን ስታነበው ራሷን ታገኛለች። ገጾቹን ቀዳድጄ ሌላ ጀመርኩ። የሁለተኛው መጽሐፌ ዋና ገጸ ባሕርይ ካሜራ የያዘች ሴት ናት። የምትጮኸውን ልጅ አናያትም። የምናየው የምትቀርጸዋን ነው። አንባቢ «ክፉ ሴት ናት» ይለኛል። እኔም እስማማለሁ።

ስለ ገንዘብ ትጠይቁኛላችሁና በአጭሩ፤ ሰርግ አበላኝ። ዶክመንተሪ ሰርጉ ያመጣውን በላ። የመጀመሪያ መጽሐፌን በራሴ ገንዘብ 3,000 ቅጂ አሳትሜ ግማሹ አልጋ ሥር ሁለት ክረምት አደረ። እንግዳ ሲበዛ ወንበር ሆኖ አገልግሏል። አከፋፋዩ ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል። ያዳነኝ መነኸሪያ አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞሩ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ከማንም በላይ ይሸጣሉ፤ ሒሳባቸውንም አይበሉም። ደመወዝ ያለው ሥራ ካላችሁ ቶሎ አትልቀቁ። እኔ እስከ ጡረታ ቾክ ይዣለሁ።

ሌላው ጥፋቴ ርካሽነት ነው። ካሴት ውድ ነበርና ያገለገለውን ደግሜ እቀዳበት ነበር። «ያሬድ የለበትም» ያሉኝን መሪጌታ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አናግሬያቸው ነበር። ቅኔ እንዴት እንደተማሩ፣ ውሻ እንዴት እንደነከሳቸው፣ ቁራሽ ለምነው በልተው እንዴት እንዳደሩ። ካሴቱ ላይ ምልክት አላደረግኩም። የሚቀጥለው ቅዳሜ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሰርግ ቀዳሁበት። ሳውቅ መሪጌታው አልፈዋል። የነጋዴው ልጅ ሰርግ ግን አለ፤ በጣም ጥርት ብሎ። ፋይል ሲሆን ይሄ አይደርስብንም ካላችሁ ስንት ፍላሽ እንደጠፋባችሁ ቁጠሩ። ሦስት ቦታ ገልብጡ። አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።

አሁን የልጅ ልጄ የቀሩትን ካሴቶች ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠችልኝ ነው። የሐይቁ እርጥበት ግማሾቹን አሻግቷቸዋል። የሚያጫውተውም ማሽን በመከራ ነው የተገኘው። ማታ ማታ ትቀመጥና ታስኬደዋለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ይሄ እንትና ነው፣ ይሄ የት ነው እያልኩ አስጽፋታለሁ። ጸጉሬ ጥቁር የሆነበትን ስታገኝ ትስቃለች።

ትናንት አንዱን ካሴት አነሳች። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። እኔ ግን አወቅኩት፤ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ወንድሟ የመጣ ቀን ጥዬው ነው የተሰነጠቀው። ዋናው ቅጂ ነው፤ የልጅቷ።

«ይሄስ?» አለችኝ።

«እሱን ተዪው።»

«ላጥፋው?»

አታጥፊው ልበላት አጥፊው ልበላት አላወቅኩም። የኔ አይደለማ። እሷን ደግሞ ወንድሟ ከመጣበት ቀን ጀምሮ የት እንዳለች አላውቅም። «ከላይ አስቀምጪው» አልኳት። ወንበር ላይ ወጥታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችውና ቀጣዩን አስገባች። ፍቼ ነበር። ልጆቹ ይሮጣሉ።